ያየነው ሁሉ የእኛ ነውን?

በአንድ ዒድ ማግሥት ጎረቤታችን ሊዘይረን መጣ። ለንግድ ጉዳይ ወደ ኳላላምፑር ሄዶ፣ አሥራ ሁለት ቀን ቆይቶ መመለሱ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ከበነው ተቀመጥንና በስልኩ የያዛቸውን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አሳየን። 452 ሜትር ከፍታ ያላቸውን የፔትሮናስ መንትያ ሕንፃዎች በቀንም በሌሊትም አንሥቷቸዋል። ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1909 የተሠራውን የጃሜክ መስጊድም ከነጉልላቱ አየነው። የሌሊት ገበያው፣ በየቀለሙ የተደረደረው ፍራፍሬ፣ ከመንገዱ በላይ በድልድይ የሚሄደው ባቡር፣ ሁሉም አለ። ልጆቹ “ማሻአላህ!” እያሉ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት።

ዳር ላይ ተቀምጠው በመስበሓቸው ዚክር ሲያደርጉ የነበሩት እናቴ ግን ቀና ብለው፣ “ለመሆኑ ልጄ፣ ሰዎቹ እንዴት ናቸው? ማን ቤት ገባህ? ምን አበሉህ?” ሲሉ ጠየቁት።

ጎረቤታችን ትንሽ አሰበና፣ “እማማ፣ ሰዎቹን እንኳ ብዙም አላየኋቸውም፤ ጊዜ አልነበረኝም” አለ።

ሁላችንም ሳቅን። እርሱም ሳቀ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ያን ሁሉ ፎቶግራፍ ስናይ አምሽተን ስሙን ያወቅነው አንድም ሰው አልነበረም። ኳላላምፑር የሚለው ስም ጭቃማ የወንዞች መገናኛ ማለት እንደሆነ፣ ከተማይቱም እ.ኤ.አ. በ1857 የቆርቆሮ ማዕድን ፍለጋ በመጡ ቆፋሪዎች እንደተጀመረች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በወባ እንዳለቁ ያወቅሁት ኋላ አንብቤ ነው። የሕንፃዎቹን ቁመት እንጂ የእነዚያን ሰዎች ድካም አላየንም።

ይህን የምጽፈው ጎረቤቴን ለመውቀስ አይደለም። እርሱ በሰው አገር ያደረገውን እኔ በገዛ አገሬ፣ ከምኖርባት ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ ያውም በሙስሊም ወንድሞቼ ደጃፍ ላይ አድርጌዋለሁ። እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያየነው ነገር ሁሉ የእኛ ነውን? ዓይን ያለው ሰው ሁሉ የፈለገውን የማየት መብት አለውን? ወይስ ማየትም እንደ መብላትና እንደ መናገር የራሱ የሆነ አደብና ዕዳ አለው?

የጉዞ ዓላማ

ዲናችን ጉዞን አይጠላም። እንዲያውም ለመንገደኛ ያዝናል። ሙሳፊር ሶላቱን እንዲያሳጥር ተፈቅዶለታል፤ በረመዳን ጾሙን አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ተገርቶለታል፤ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖችም አንዱ ስንቅ ያለቀበት መንገደኛ ነው። ቁርኣንም በተለያዩ ሱራዎች ሰው በምድር ላይ እየተጓዘ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሕዝቦች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ እንዲመለከት ያሳስባል። በሱረቱል ሐጅ ላይ ደግሞ ይኸው ጉዞ ከልብ ማስተዋል ጋር ተያይዞ ተነሥቶ፣ የከፋው ዕውርነት የዓይን ሳይሆን የልብ መሆኑ ተነግሮናል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። መጓዝ ብቻ፣ በዓይን ማየትም ብቻ፣ የተፈለገው ነገር አይደለም። የተፈለገው ኢብራ፣ ማለትም ትምህርት፣ ይዞ መመለስ ነው።

ይህን ልዩነት በአንድ ታላቅ መንገደኛ ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን። ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1325 ለሐጅ ብሎ ከታንጀር ሲነሣ ዕድሜው 21 ነበር። ከዚያ በኋላ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ዓለምን ዞረ፤ ዛሬ ኢንዶኔዢያ ከምንላት ከሱማትራ ደሴት ሳይቀር ደረሰ። ወደ እኛ የባሕር ዳርቻም መጥቶ ዘይላዕን አይቷታል። ዘይላዕ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች ምን እንደነበረች መናገር አያሻም፤ ንግዱም ዑለሞቹም በእርሷ በኩል ያለፉባት በር ናት። ኢብን በጡጣ ግን የጻፈላት ምንድን ነው? ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ መሆኗን ጠቅሶ፣ በዓሣውና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ደም ምክንያት እጅግ የምትሸት ናት አለ። ባሕሩ ቢናወጥም እንኳ በከተማዋ ከማደር ይልቅ መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ።

ከዚያ ተነሥቶ መቅዲሹ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። በዚያ ሰዎች ተቀበሉት፤ የከተማይቱ ገዥ አስተናገዱት፤ በእንግድነት ተቀመጠ። ስለ መቅዲሹ የጻፈውን ብናነብ በቅቤ የበሰለው ሩዝ፣ ከወተት ጋር የቀረበው ሙዝ፣ የተሰጠው ልብስ፣ የአቀባበሉ ሥርዓት ሁሉ በዝርዝር አለ። ለመሆኑ በሁለቱ ከተሞች መካከል የነበረው ልዩነት የዓሣው ሽታ ብቻ ነበርን? መቅዲሹም እኮ የባሕር ከተማ ናት። ኢብን በጡጣ መቅዲሹን ያያት ከሰዎቿ ጋር በልቶ ነው። ዘይላዕን ያያት አፍንጫውን ይዞ ነው። የዘይላዕ ሰዎች ምን ብለው እንደመለሱለት የሚነግረን የለም፤ የአንድ ሌሊት መንገደኛ ቃል ግን ስድስት መቶ ዓመት አልፎ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከዚህ በመነሣት ዓይን ምስክር ነው ማለት እንችላለን። የምስክር ቃል ደግሞ አማና ነው። ማንም ሰው አንድን አገር አይቶ ሲመለስ፣ ወደደም ጠላ፣ ስለዚያ አገር ሰዎች መሰከረ ማለት ነው።

በግጭ መንደር ያደረግነው

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በ2007 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከባለቤቴና ከአሥር ዓመት ልጃችን ጋር የስሜን ተራሮችን ለማየት ተነሣን። በዳባት በኩል አልፈን ደባርቅ ደረስን። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ተመድቦልን ወደ ሳንቃበር ወጣን። ከዚያ በኋላ በበቅሎ ነበር የተጓዝነው። የጅንባርን ፏፏቴ ገደል፣ ሣር ሲነጩ የሚውሉትን ጭላዳዎች፣ አስታውንና ሰው መስሎ በሜዳው ላይ የቆመውን ጅብራ እያየን ስንሄድ ልጄ በቅሎዋ ላይ ሆና “ሱብሐነላህ!” ትል ነበር። እውነትም ፍጥረቱ ፈጣሪውን የሚያስታውስ አገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ግጭ ደረስን። ግጭ ያኔ በፓርኩ ውስጥ የነበረ፣ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ የገበሬዎች መንደር ነው። ነዋሪዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ገብስ ያርሳሉ፣ ከብትና በግ ያረባሉ። ይህን ከመሄዳችን በፊት ሰምተን ነበር። ሆኖም ስንደርስ የታየን ሙስሊም ወንድምና እኅት አልነበረም፤ “የሚያምር መንደር” ነበር። ልጄ ስልኬን ተቀብላ የሣር ክዳን ቤቶቹን ታነሣ ጀመር። በአንዱ ደጃፍ አንዲት እናት ገብስ ያሰጣሉ። ልጄ ቀረብ ብላ ስልኩን ደገነችባቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ገብሱን እንደተሰጣ ትተው ወደ ቤት ገቡ።

በቅሎዎቹን የሚነዱልን አዛውንት የዚያው መንደር ሰው ነበሩ። አልተቆጡም። በለሰለሰ ድምፅ፣ “ልጄ፣ ይቺ ባለቤቴ ናት” አሉኝ። “እኛም እኮ ሙስሊሞች ነን። በሰላምታ ብትመጡ ኖሮ ቤት ገብታችሁ ቡና ትጠጡ ነበር።”

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ጎንደር ውስጥ የጎረቤቴን በር ሳላንኳኳ፣ “አሰላሙ ዐለይኩም” ሳልል ገብቼ አላውቅም። ሱረቱ ኑር ወደ ሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ፈቃድ እንድንጠይቅና ባለቤቶቹን ሰላም እንድንል፣ ተመለሱ ከተባልንም እንድንመለስ ያስተምረናል። ዑለሞችም እንደሚያስረዱት የፈቃዱ ምክንያት ዓይን ነው። በር የሚዘጋው እግር እንዳይገባ ብቻ ሳይሆን ዓይን እንዳይገባም ነው። ታዲያ ካሜራ ስይዝ ይህ ሁሉ ለምን ጠፋኝ? ሳስበው መልሱ ቀላል ነበር። ገንዘብ ከፍያለሁ፤ የመግቢያ ደረሰኝ ኪሴ ውስጥ አለ። በደረሰኙ መንደሩንም ሰዎቹንም የገዛሁ መስሎኝ ነበር።

ቤት ከተመለስን በኋላ ደግሞ የባሰ ነገር አደረግን። ፎቶግራፉ እጅግ ያምር ስለነበር አሳጥበን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ሴትዮዋ ፊታቸው በነጠላ ተሸፍኖ፣ ከኋላቸው ቤታቸው፣ ከቤቱ ወዲያ ተራራው ይታያል። እንግዳ ሁሉ “ይህ የት ነው?” ይለናል። “ስሜን ነው” እንላለን። የማን ቤት እንደሆነ የጠየቀን አልነበረም። እኛም አልነገርንም።

ደረስጌ

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ዳግመኛ ተነሣን። በዚህ ጊዜ ልጃችን በትምህርት ቤት የተማረችውን ታሪክ ቦታው ላይ ሆና እንድታይ ስለፈለግን በጨነቅና በቧሂት በኩል አድርገን ወደ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ ወደምትገኘው ደረስጌ ሄድን።

አንዳንድ አንባቢያን “ሙስሊም ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ምን ያያል?” ሊሉ ይችላሉ። ስለ መግባትና አለመግባት ፊቅሁን ለዑለሞች እንተወው። እኛ የሄድነው ታሪኩን ፈልገን ነው፤ የአገር ታሪክ ደግሞ የሁላችንም ነው። በቅጥሩ በር ላይ ያገኘናቸው ካህን ጫማችንን እንድናወልቅና እስከ የት ድረስ መሄድ እንደምንችል በትሕትና ነገሩን። ጫማ ማውለቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተባለው ቦታ አላለፍንም። በኳላላምፑር መስጊዶች ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ ሲመጣ ካባ አውሰው እንደሚያስገቡት ጎረቤቴ ነግሮኝ ነበር። እኛ በመስጊዳችን እንዲደረግልን የምንፈልገውን አክብሮት በሌላው ሰው የአምልኮ ቦታ መንፈግ ፍትሕ አይደለም።

የደረስጌን ማርያም ያሠሩት የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ዊልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በግንባታው እንደተሳተፈ ይነገራል። ውቤ ይህን ሁሉ የደከሙት ለራሳቸው የንግሥ በዓል ነበር ይባላል። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ግን የቋራው ካሣ መጥተው በደረስጌ ጦርነት ድል አደረጓቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ተደፋ። ዘውዱ የተደፋው ግን በውቤ ራስ ላይ አልነበረም። ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ፤ ውቤ እስረኛ ሆኑ።

ልጄ ይህን ስትሰማ፣ “አባዬ፣ ቤቱን የሠራው ሌላ፣ የነገሠበት ሌላ!” አለች። ቁርኣን ተጓዙና ተመልከቱ ሲል የሚፈልገው ይህን ይመስለኛል። ከዚያ በኋላም አሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ባለ ዘውዱ ቴዎድሮስ ራሳቸው በመቅደላ ሞቱ።

ከታሪኩ ውስጥ እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የመጨረሻው ክፍል ነው። ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅን አግብተው ነበር። ልጃቸው ዓለማየሁ በመቅደላ ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። የእንግሊዝ ጦር ይዞት ሄደ፤ እናቱም በዚያው ዓመት በመንገድ ሞቱ። ዓለማየሁ እንግሊዝ እንደገባ ምን ሆነ? ታየ። ፎቶግራፍ አንሺዎች አነሡት፤ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ሳትቀር እ.ኤ.አ. በ1868 አንሥታዋለች። እነዚያ ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ፤ በጣም የሚያምሩ ናቸው። ከሁሉም ላይ የሚታየው ግን ዓይኑ የተከዘ ልጅ ነው። የፈለጉት አዩት፤ “አገርህ መመለስ ትፈልጋለህ ወይ?” ብሎ ልቡን ያሳረፈለት ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ለአገሩ እንዲመለስ የቀረበውንም ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለውም።

ደረስጌን ያሠሩት ሰው የልጅ ልጅ በሰው አገር ራሱ መታያ ሆነ። በዚያ ቅጥር ውስጥ ሆኜ ሳስበው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶግራፍ ትዝ አለኝ። የእኔ ሥራ ከእነዚያ ፎቶ አንሺዎች ሥራ በምን ይለያል? በመጠን ይለያል እንጂ በዓይነቱ ብዙም አይለይም። የአንድን ሰው መልክ ወስዶ ሰውየውን መተው ነው።

የጥቅም ዕዳ

ከደረስጌ ስንመለስ ደባርቅ አደርን። በማግሥቱ ለዙህር ሶላት መስጊድ ስሄድ የበቅሎውን አዛውንት አገኘኋቸው። ወዲያው አወቁኝ። ቤታቸው ወሰዱኝ። ቤታቸው ግን ግጭ አልነበረም፤ እዚያው ደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በደርግ ዘመን በሰሜናዊው ተዳፋት የነበሩ መንደሮች ነዋሪዎች በግዳጅ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በሌላ አገር የማይገኘው ዋልያ ቁጥሩ በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽም በመስፋፋቱ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዚያ ለመውጣት ከተደረጉት ነገሮች ዋነኛው የግጭ መንደር መነሣት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ መጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

አዛውንቱ ነገሩን በምሬት አልነገሩኝም። “ሣሩ እውነትም አልቆ ነበር” አሉ። “ልጆቹም አሁን ትምህርት ቤቱ ደጃፋቸው ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን ገበሬ ነኝ። እርሻ የሌለው ገበሬ ጠዋት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል? ገንዘቡስ ቢሆን ከተማ ውስጥ ይበረክታል?” ባለቤታቸው ቡና አቀረቡ። ያን ቀን ፊታቸውን የሸፈኑት እናት ናቸው። ስጨርስ አዛውንቱ ዝግ ብለው ጠየቁኝ። “ያን ጊዜ ልጅቷ ያነሣችው ፎቶ ይኖር ይሆን? ቤታችን ፈርሷል። ምስሉ በእጃችን የለም።”

ያለ ፈቃድ የወሰድነው ነገር ለእነርሱ ከቤታቸው የቀረ ብቸኛ ምስል ሆኖ ተገኘ! እኛ እንደ ጌጥ ሰቅለነዋል፤ እነርሱ ይፈልጉታል። ጎንደር እንደተመለስን ከግድግዳው አውርደን ከነማቀፊያው ላክንላቸው፤ አንድ ትንሽ ቅጂም በእነርሱ ፈቃድ ለራሳችን አስቀረን። ልጄ ከጀርባው ላይ የሁለቱን ስም ጽፋበታለች።

እዚህ ላይ “ዋልያው ቢድን፣ ተራራውም ቢጠበቅ ምን ክፋት አለው?” የሚል ይኖራል። ክፋት የለውም። ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ ነው፤ ፍጥረትን መጠበቅም ኃላፊነቱ ነው። በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ያለ እንስሳ እኛ እያየን ቢጠፋ እንጠየቅበታለን። ስለዚህ መንደሩ መነሣት አልነበረበትም ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። ነገር ግን በፊቅህ ምሁራን ዘንድ የታወቀ አንድ መርሕ አለ፤ ጥቅም ያለበት ቦታ ኃላፊነትም አብሮ አለ የሚል ነው። ትርፉን የሚወስድ ወጪውንም ይሸከማል። ከግጭ መነሣት የተጠቀመው ማነው? ዋልያው ነው፤ አገሩ ነው፤ ደግሞም ያን ሰፊ ሜዳ ያለ ጎጆና ያለ ከብት አይቶ “እንዴት ያምራል!” የሚለው ጎብኚ ነው። ያ ውበት በነፃ የተገኘ አይደለም። የአንድ ገበሬ እርሻ፣ የአንዲት እናት የገብስ ማስጫ ገብቶበታል። ሌላው ሰው ከፍሎበት የተገኘን ውበት “የመግቢያዬን ከፍያለሁ” ብሎ ማለፍ ሒሳብን በግማሽ መዝጋት ነው።

ታዲያ ቤታችን እንቀመጥ?

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ “እንግዲያው አለመሄድ ይሻላል” ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። ለደባርቅ ሰዎች የጎብኚ መምጣት እንጀራ ነው። አስጎብኚው፣ ጥበቃው፣ ባለበቅሎው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ሁሉም የሚኖሩት በመንገደኛ ነው። ይህን ያየነው መንገደኛው በቀረ ጊዜ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት መጨረሻ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። ሰላማዊ ሰዎች አለቁ፤ ጎብኚም ቀረ። ቀጥሎም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አደረገው።

በዚያ በ2013 የጭንቅ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ሬዲዮው “ደባርቅ” ባለ ቁጥር ልጄ ወደ ስልኩ ትሮጥ ነበር። የአዛውንቱ ስልክ ለቀናት አልነሣ አለ። ልጄ ከሶላት በኋላ እጇን ዘርግታ የሁለቱን ሰዎች ስም እየጠራች ዱዓ ስታደርግ ሰማኋት። በመጨረሻ ስልኩ ተነሣ፤ በሕይወት ነበሩ፣ አልሐምዱሊላህ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ስማቸውን ባናውቅ ኖሮ ያንን ዜና የምንሰማው እንዴት ነበር? “ያ የሚያምረው ተራራ ተጎድቶ ይሆን?” እንል ነበር። ቦታን ብቻ ያየ ሰው ለቦታ ያዝናል። ሰውን ያየ ለሰው ይጨነቃል።

ስለዚህ ለቤተሰቦች የምመክረው በሦስት ነገር ያልቃል። አንደኛው ፈቃድ ነው። ልጆቻችን ካሜራ ከማንሣታቸው በፊት ሰላምታ ይስጡ፤ “እንቢ” ሲባሉም እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ተዘጋ በር አይተው ይመለሱ። ሁለተኛው የእንግዳ አደብ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንግዳን ማክበርን ከእምነት ጋር አያይዘው ሲያስተምሩ የመስተንግዶውን ወሰን ሦስት ቀን አድርገዋል፤ እንግዳውም አስተናጋጁን እስኪያስጨንቅ ድረስ እንዳይቀመጥ ከልክለዋል። ሐቅ ያለው ባለቤቱ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ እንግዳም ሐቅ አለበት። በቅሎ ነጂውን በዋጋ አለማስጨነቅ፣ የተጠቀምንበትን ቦታ ሳናቆሽሽ መተው፣ ከዚያው አካባቢ ገበያ መሸመት የዚህ ክፍል ነው። ሦስተኛው የምስክርነት አማና ነው። ስንመለስ ያየነውን እንዳለ እንናገር፤ ውበቱንም ድካሙንም። ቢያንስ የአንድ ሰው ስም ይዘን እንመለስ።

በዚያ የዒድ ሰሞን የእናቴን ጥያቄ ለጎረቤቴ ደግሜ አነሣሁለት። ሲስቅ ቆየና፣ “አንድ ሰው እንኳ ነበረ” አለኝ። በጃሜክ መስጊድ ጫማ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣ ጠይቀውት፣ “ከሐበሻ” ሲላቸው “የቢላል አገር!” ብለው አቅፈውታል። “ፎቶ አላነሣኋቸውም” አለኝ። “ስማቸውንም አልጠየቅኋቸውም።” ከዚያ ዝም አለ። ደግሞ ከሄደ ኢንሻአላህ መጀመሪያ እርሳቸውን እንደሚፈልግ ነገረኝ።

አላህ የምናየውን የምናስተውል ያድርገን። ለስሜን፣ ለአገራችንም ሁሉ ሰላሙን ያውርድልን፤ የተቋረጠውንም መንገድ ይክፈትልን። ወላሁ አዕለም።